ከስምንቱ ሰከንድ በፊትና በኋላ፦ የአውስትራሊያን አውትባክ ሮዲዮ አይቶ ለመረዳት

ከአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ ወደ መሐል አገር በዘለቁ ቁጥር ዝናቡ እየቀነሰ፣ አፈሩ እየቀላ፣ ከተማ ከከተማ እየተራራቀ ይሄዳል። አውስትራሊያውያን ይህን ሰፊ ገጠር አውትባክ ይሉታል። በሰሜኑ ክፍል ዝናብ በማይጥልባቸው ወራት፣ ማለትም ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ፣ በዚህ ገጠር ብዙ ከተሞችና የከብት እርባታዎች ሮዲዮ የሚባል የዘላይ ፈረስና የኮርማ ግልቢያ ውድድር ያዘጋጃሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው በር ሲከፈት፣ ኮርማ ሲዘል፣ ሰው ሲወድቅና ሕዝብ ሲጮኽ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ሲመለከት ከቆየ ሁለተኛው ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ነገር አንድ ይሆንበታል፤ ሦስተኛው ላይ ስልኩን ያወጣል። ሮዲዮ የሚጣፍጠው ጋላቢው ሳይወድቅ ሊቆይ ከሚገባው ዝነኛ ስምንት ሰከንድ በፊትና በኋላ የሚሆነውን ማየት ለለመደ ዓይን ነው፤ ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያም ይህን ዓይን ለማሠልጠን የታሰበ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተቀምጠዋል።

ከመሄድዎ በፊት፦ ውድድሩ ከየት እንደመጣ ይወቁ

በአውትባክ ትልቅ የከብት እርባታ ስቴሽን ይባላል። የስፋቱን ነገር ለመገመት በደቡብ አውስትራሊያ የሚገኘውን አና ክሪክን ማሰብ ይበቃል፤ ይህ አንድ እርባታ ከ15,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ይይዛል። እንዲህ ባለ ቦታ ከብቱ ዓመቱን ሙሉ በዱር ተለቅቆ ይከርምና በየወቅቱ እየተሰበሰበ ይቆጠራል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ለገበያ የሚሆነው ይለያል። ሄሊኮፕተርና ሞተር ብስክሌት ከመምጣታቸው በፊት ይህን ሥራ የሚሠሩት ፈረሰኞች ብቻ ነበሩ። የሚሰጣቸው ፈረስ በቅጡ ያልተገራ ሊሆን ይችላል፤ በብርዳማ ማለዳ ኮርቻ ሲጫንበት የማይዘል ፈረስ እንደ ዕድል ይቆጠር ነበር። ማን ሳይወድቅ ይቆያል በሚል የጀመረው ፉክክር ቀስ በቀስ ተመልካች አፈራ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይም ዘላይ ፈረሶችን ይዘው ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ትርኢቶች ነበሩ። ከእነዚህ ባለ ትርኢቶች ስሙ የገነነው ላንስ ስኩቶርፕ ነው። ያኔ ውድድሩ የሚጠራው ባክጃምፒንግ ተብሎ ነበር፤ «ሮዲዮ» የሚለው ቃልና የአሜሪካውያኑ ሥርዓት ኋላ ላይ መጥተው ከአገሬው ልማድ ጋር ተቀላቀሉ። ስለዚህ የአውስትራሊያን ሮዲዮ የአሜሪካ ግልባጭ አድርጎ የሚያይ ሰው ግማሹን ታሪክ ስቷል።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚዘለል ታሪክ አለ። የሰሜኑ አውስትራሊያ ከብት እርባታ የቆመው በአቦርጅናል፣ ማለትም በአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ፈረሰኞችና ሠራተኞች ትከሻ ላይ ነው። አገሩን፣ የውኃውን ጉድጓድና የከብቱን ጠባይ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ፤ የሚከፈላቸው ግን ከነጮቹ እጅግ ያነሰ፣ አንዳንድ ጊዜም ዱቄት፣ ሻይና ትንባሆ ብቻ ነበር። በኦገስት 1966 በዌቭ ሂል እርባታ የጉሪንጂ ሕዝብ ሠራተኞች በቪንሰንት ሊንጊያሪ መሪነት ሥራ አቁመው ወጡ፤ በደመወዝ ጥያቄ የተጀመረው እንቅስቃሴ የመሬት ጥያቄ ሆኖ በ1975 ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም የመሬቱን መመለስ ለማሳየት አፈር አንሥቶ በሊንጊያሪ መዳፍ ላይ እስካፈሰሰበት ቀን ድረስ ዘለቀ። እኩል ደመወዝ በ1966 ተወስኖ በዲሴምበር 1968 ሥራ ላይ ሲውል ብዙ ባለ እርባታዎች ሠራተኞቹን ከነቤተሰባቸው አሰናበቱ። ዛሬ በሮዲዮው ካምፕ ውስጥ ትልቅ ባርኔጣ ያጠለቁ አቦርጅናል አባቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ሲያዩ፣ ከእነዚያ ፈረሰኞች አንዳንዶቹን ወይም ልጆቻቸውን እያዩ ሊሆን ይችላል። ዝግጅቱ ሲከፈት የአካባቢው ነባር ሕዝብ ስም ተጠርቶ ክብር ሲሰጠው ቆም ብለው ያዳምጡ።

በመንገድዎ ላይ የኩዊንስላንድ ግዛቷ ሎንግሪች ከተማ ካለች በ1988 የተከፈተውን የአውስትራሊያ ስቶክማን ሆል ኦቭ ፌም የተባለውን ሙዚየም ሳያዩ አይለፉ። ግማሽ ቀን ይበቃል፤ እዚያ ያዩት ኮርቻና ጅራፍ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ትርጉም ይሰጥዎታል።

የትኛውን ሮዲዮ ልምረጥ?

ስሙ ከሁሉ የገነነው በኩዊንስላንድ ምዕራብ የሚካሄደው የማውንት አይዛ ሮዲዮ ነው። ከ1959 ጀምሮ በኦገስት ወር ይዘጋጃል፤ በደቡባዊው የዓለም ክፍል ትልቁ እንደሆነም ይነገርለታል። ማውንት አይዛ በመዳብ፣ በእርሳስና በዚንክ ማዕድን የታወቀች ከተማ በመሆኗ የማዕድኑ ጭስ ማውጫ ከሩቅ ይታያል፤ በሮዲዮው ሳምንት ከተማዋ በእንግዳ ትጨናነቃለች፣ ማረፊያም ከወራት በፊት ካልተያዘ አይገኝም። ከዚያ በስተ ምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ክሎንከሪም የራሷ በዓል ስላላት በወሩ ሁለቱንም አጣምሮ ማየት ይቻላል።

ትልቅነት የማያጓጓው ሰው ሌላ ምርጫ አለው። በኖርዘርን ቴሪቶሪ ባርክሊ በሚባለው የሣር ሜዳ፣ በብሩኔት ዳውንስ እርባታ፣ ከ1910 ጀምሮ በጁን ወር የፈረስ እሽቅድምድም፣ ሮዲዮና የከብት መለየት ውድድር የሚካሄድበት ስብሰባ አለ፤ ከተማ የሚባል ነገር በአጠገቡ የለም። ከአሊስ ስፕሪንግስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው ሃርትስ ሬንጅም በኦገስት መጀመሪያ ተመሳሳይ በዓል ይከበራል። የኬርንስ ጎረቤት በሆነችው በማሪባ ከ1949 ጀምሮ የሚዘጋጀው ደግሞ በጁላይ ነው፤ እሱ ለመድረስ ቀላል ነው። እኔን ቢጠይቁኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የመሄድ ዕድል ያለው ሰው ትንሹን ቢመርጥ ይሻለዋል ባይ ነኝ። በትልቁ ሜዳ የሚያዩት በስክሪን ነው፤ በትንሹ ግን አጥሩን ተደግፈው የፈረሱ ትንፋሽ ይሰማዎታል፣ አሁን የወደቀው ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከኋላዎ ሆኖ ሻይ ለመግዛት ይሰለፋል።

መንገድና ጓዝ

ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከታውንስቪል እስከ ማውንት አይዛ መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከብሪስቤን ደግሞ ወደ 1,800 ይጠጋል። አውሮፕላን አለ፤ አገሩን ማየት የሚፈልግ ግን በመኪና ይሄዳል። ማሽከርከር በግራ በኩል ነው። በሌሊት ከመንዳት ይቆጠቡ፤ ሲመሽና ሲነጋ ካንጋሮዎች ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ፣ ብዙው ቦታ አጥር ስለሌለው ከብትም መሐል መንገድ ላይ ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። ሮድ ትሬን የሚባሉት ተጎታቾችን ደርበው የሚጎትቱ ከባድ መኪኖች እስከ 53.5 ሜትር ይረዝማሉ፤ ለመቅደም አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ግልጽ መንገድ ካላዩ ከኋላ ሆኖ መታገሥ ይሻላል። በጠባብ አስፋልት ላይ ከፊት ለፊት ሲመጡብዎት ፍጥነትዎን ቀንሰው በግራ በኩል ወደ ጠጠሩ ይውጡላቸው፤ እነሱ መንገዱን አይለቁም፣ ሊለቁም አይችሉም። ነዳጅ በየደረሱበት ከተማ ይሙሉ፣ ለሰው በቀን ከአምስት ሊትር ያላነሰ ውኃ ይያዙ። በብዙ ቦታ ኔትወርክ የለም፤ በገጠሩ ሰፊ ሽፋን ያለው ቴልስትራ የተባለው የስልክ ኩባንያ ነው። የአደጋ ጊዜ ስልክ 000 ነው። ከፊትዎ የሚመጣ ሾፌር ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ብቻ ቀና ካደረገ ሰላምታ ነውና አጸፋውን ይመልሱ።

በኦገስት ማውንት አይዛ ላይ ቀኑ ወደ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ሌሊቱ ግን ወደ 10 ይወርዳል። ይህን ያላሰበ እንግዳ በድንኳን ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። አገሬው የሚተኛው ስዋግ በሚባል፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ በወፍራም ሸራ ተጠቅልሎበት መሬት ላይ በሚዘረጋ መኝታ ነው፤ ከመግዛት መከራየት ወይም መዋስ ይሻላል። ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ሸሚዝ፣ ጂንስና ጣት የሚሸፍን ቦት ጫማ ያስፈልጋል፤ በሰንደል የሚመጣ ሰው ቀዩ አቧራና የከብቱ እዳሪ ይቀጡታል። ባርኔጣ የግድ ነው። አኩብራ የሚባለው ከጥንቸል ፀጉር የሚሠራው ባርኔጣ ዋጋው ውድ ቢሆንም ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ቢሆንም ለሁለት ቀን ብሎ አዲስ አኩብራና አዲስ ቦት ገዝቶ የሚመጣ እንግዳ ከሩቅ ይታወቃል፣ ሰፊ ጥላ ያለው ማንኛውም ባርኔጣ ይበቃል። ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ባርኔጣን አውልቆ መቆም የማይታለፍ ሥርዓት ነው። ዝንቡን በተመለከተ፣ ፊትን የሚሸፍን መረብ ማድረግ አያሳፍርም።

ሜዳው ላይ፦ ምን ማየት እንዳለብዎ

ሁለት ዓይነት ውድድሮች አሉ፦ በዳኛ ነጥብ የሚለኩና በሰዓት የሚለኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ናቸው፤ ዘላይ ፈረስን በኮርቻ መጋለብ፣ ዘላይ ፈረስን ያለ ኮርቻ መጋለብና ኮርማ መጋለብ። በሦስቱም ጋላቢው በአንድ እጁ ብቻ ይዞ ስምንት ሰከንድ መቆየት አለበት፤ ነጻው እጁ እንስሳውን ወይም ራሱን ከነካ ነጥብ አያገኝም። እንግዶች የማያውቁት ነገር ቢኖር ግማሹ ነጥብ የእንስሳው መሆኑ ነው። ከመቶው ሃምሳው ለጋላቢው፣ ሃምሳው ለእንስሳው ይሰጣል። ስምንቱን ሰከንድ ጨርሶም ዝቅተኛ ነጥብ የሚያገኝ ሰው ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንስሳው በደንብ ካልዘለለ ዳኞቹ በሌላ እንስሳ ላይ እንደገና የመጋለብ ዕድል ሊሰጡት ይችላሉ። ስለዚህ ዓይንዎን ከሰውየው ላይ አንሥተው እንስሳው ላይ ያሳርፉ። ምን ያህል ከፍ ይላል? የኋላ እግሮቹን ምን ያህል ይወረውራል? ቀጥ ብሎ ይዘላል ወይስ ይሽከረከራል? አቅጣጫ ይለውጣል ወይ?

አገሬው ይህን ስለሚያውቅ እንስሳትን በስም ያስታውሳል። ኩሪዮ የተባለች ባዝራ በደቡብ አውስትራሊያ በማራቤል ሮዲዮ ለዓመታት ጋላቢዎቹን ሁሉ ጥላ፣ በ1953 አለን ዉድስ እስከ መጨረሻው ተቀምጦባታል፤ በዚያች መንደር ሐውልት የቆመው ለዚህ ታሪክ ነው። ቼይንሶ የተባለው ኮርማ ከ1987 እስከ 1994 ስምንት ጊዜ የአውስትራሊያ የዓመቱ ኮርማ ተብሏል። ከሰዎቹ ደግሞ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ያሸነፉ አሉ፤ ዴቭ አፕልተን በ1988 በሁለገብ ጋላቢነት፣ ትሮይ ደን በ1998 በኮርማ ግልቢያ የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል።

አሁን ወደ ሹቱ ይጠጉ። ሹት ማለት እንስሳው መዞር እንዳይችል በልኩ የተሠራ ጠባብ የብረት በረት ነው፤ መቀመጫዎን ሲመርጡ ሹቱ ፊት ለፊት የሚታይበትን፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጀርባዎ የምትሆንበትን ወገን ይያዙ። ኮርማ የሚጋልበው ልጅ በአጥሩ ላይ ይወጣል። በኮርማው ደረት ዙሪያ የተጠመጠመው ገመድ ከሥሩ ደወል ተንጠልጥሎበታል፤ ደወሉ ለጌጥ አይደለም፣ ልጁ እጁን ሲለቅ ክብደቱ ገመዱን ስቦ ከእንስሳው ላይ እንዲወድቅ ያደርገዋል። ልጁ በጓንቱና በገመዱ ላይ የተፈጨ ሙጫ ይነሰንስና እጁን በገመዱ ላይ በኃይል ወደ ላይና ወደ ታች ያሻሻል፤ ሲሞቅ ይጣበቃል። ከአጥሩ ላይ ያጎነበሰ ጓደኛው የገመዱን ጫፍ አጥብቆ ይስብለታል። ልጁ ጫፉን በመዳፉ ላይ ያዞርና የተጨበጡ ጣቶቹን በሌላው እጁ ጡጫ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመታቸዋል። ኮርማው ይንቀሳቀሳል፤ ብረቱ ይጮኻል፤ ልጁ ብድግ ይላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጀምራል። ከዚያ ወደ ፊት ተንሸራትቶ እጁ ላይ የተቀመጠ እስኪመስል ይጠጋና አገጩን አንድ ጊዜ ዝቅ ያደርጋል። በሩን የያዘው ሰው የሚጠብቀው ይህቺን ንቅናቄ ብቻ ነው፤ ማንም «ክፈት» ብሎ አይጮኽም።

በኮርቻ የሚጋለበውን ፈረስ ሲያዩ የተለየ ነገር ይፈልጉ። ጋላቢው የሚይዘው ከፈረሱ ራስ ማሰሪያ የተያያዘ አንድ ወፍራም ገመድ ብቻ ሲሆን፣ ከመውጣቱ በፊት ርዝመቱን በጡጫውና በተዘረጋ አውራ ጣቱ ሲለካ ይታያል። እያንዳንዱ ፈረስ አንገቱን የሚደፋበት ልክ የተለያየ ስለሆነ፣ ጋላቢዎች «ለእሷ ስንት ልስጣት?» እያሉ ፈረሷን ቀድሞ የጋለበውን ይጠይቃሉ፤ ተፎካካሪው በእውነት ይመልስለታል። ገመዱ ቢረዝም ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ቢያጥር ወደ ፊት ይጎተታል። ከሹት ሲወጡ ፈረሱ የመጀመሪያውን ዝላይ ጨርሶ የፊት እግሮቹ መሬት እስኪነኩ ድረስ የጋላቢው ተረከዞች ከፈረሱ ትከሻ በላይ መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ውድቅ ነው። ከዚያ በኋላ እግሮቹ ከፈረሱ ዝላይ ጋር እየገጠሙ ከትከሻ ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ትከሻ ይመላለሳሉ። ይህ ሲሰምር ጋላቢው የሚወዛወዝ ወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስላል። በእኔ ዓይን ከሮዲዮ ሁሉ ውበት ያለው ይህ ነው፤ ኮርማው ሕዝብ ይሰበስባል እንጂ የድሮውን የፈረሰኛ ሥራ የሚያሳየው የኮርቻው ውድድር ነው።

የስምንቱ ሰከንድ ማብቂያ ደወል ሲጮኽ ዓይንዎን አይንቀሉ። በፈረስ ውድድር ሁለት ፈረሰኞች ከግራና ከቀኝ ተጠግተው ጋላቢውን ከሚዘለው ፈረስ ላይ ያነሡታል፣ የሽንጥ ማሰሪያውን (ፈረሱ እንዲዘል ከኋላ እግሮቹ ፊት የሚታሰረውን) ይፈታሉ፣ ፈረሱን ወደ መውጫው ይሸኛሉ። በኮርማው ላይ ደግሞ የወደቀውን ልጅ ከኮርማው ቀንድ የሚያድኑት ራሳቸውን መሐል እያስገቡ የኮርማውን ዓይን ወደ እነሱ የሚስቡ ሰዎች ናቸው። ድሮ ፊታቸውን ቀብተው ሕዝብ ያስቁ ነበር፤ ዛሬ ሥራቸው በግልጽ ሰው ማዳን ነው፣ ጭብጨባ የሚገባቸውም ለዚህ ነው።

በሰዓት ከሚለኩት መካከል የበርሜል ውድድር ብዙ ማብራሪያ አይሻም፤ ሴት ጋላቢዎች በሦስት በርሜሎች ዙሪያ እንደ ቅጠል ቅርጽ ዞረው ይመለሳሉ፣ በርሜል የጣለ አምስት ሰከንድ ይጨመርበታል። ከፈረስ ላይ ዘሎ ሰንጋን በቀንዱ ይዞ መጣልና በጥንድ ሆኖ በገመድ መያዝም አሉ።

ካምፕድራፍት፦ እንግዳው ተኝቶ የሚያልፈው

የምሽቱ መብራት፣ ሙዚቃና የኮርማ ግልቢያ እንግዳውን ያስመሹታል፤ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሲነቃ ከሁሉም በላይ አውስትራሊያዊ የሆነው ውድድር ተጋምሷል። ካምፕድራፍት የተወለደው እዚያው አገር ነው። በሥርዓት የተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር በ1885 በኒው ሳውዝ ዌልስ ቴንተርፊልድ እንደነበረና ሕጉንም ክላረንስ ስሚዝ የተባለ የከብትና የፈረስ አርቢ እንዳወጣው ይታወቃል። ስሙ የመጣው ከሥራው ነው፤ አጥር በሌለበት ዘመን የተሰበሰበው ከብት አንድ ገላጣ ቦታ ላይ እንዲቆም ይደረግ ነበርና ያ ቦታ ካምፕ ይባላል፣ ከመሐሉ የሚፈለገውን መለየት ደግሞ ድራፍት ነው።

ማለዳ ቡናዎን ይዘው አጥሩ ላይ ይደገፉ። ፈረሰኛዋ (እዚህ ወንድና ሴት በአንድ ውድድር እኩል ይፎካከራሉ) ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ሰንጋና ጊደር ወደቆመበት ትንሽ በረት በእርምጃ ትገባለች። አትቸኩልም። አንዱን ትመርጣለች፤ ፈረሷ የመረጠችውን ከብት እስኪያውቅ ድረስ ወደ እሱ ብቻ ታስጠጋዋለች። ከብቱ ወደ ጓደኞቹ ለመመለስ ወደ ግራ ሲል ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ተቀምጦ ወደ ግራ ይወረወራል፤ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ። ልጓሙ ላልቷል፤ የሚያስበው ፈረሱ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ፊቱን ካዞረችው በኋላ እጇን ከፍ አድርጋ «ጌት!» ስትል በሩ ይከፈትና ከብቱ ወደ ሰፊው ሜዳ ይፈተለካል። ያኔ የ40 ሰከንድ ጊዜ ይጀምራል። ፈረሱ ትከሻውን ከብቱ ትከሻ ላይ አስጠግቶ በሙሉ ግልቢያ ሁለት ምሰሶዎችን ግራና ቀኝ እያዞረ የስምንት ቁጥርን ቅርጽ ያስይዘዋል፣ በመጨረሻም በሁለት እንጨቶች መካከል ያሳልፈዋል። ነጥቡ ከመቶ ነው፤ በበረቱ ውስጥ ለተደረገው መለየት እስከ 26፣ ለፈረሱ ሥራ እስከ 70፣ ምሰሶዎቹን ለመዞር 4 ብቻ። ይህ አከፋፈል ራሱ ዳኞቹ ምን እንደሚያከብሩ ይናገራል። ከብቱ ካመለጠ ዳኛው ረጅሙን ጅራፍ አንድ ጊዜ ያጮኸዋል፤ ያ ድምፅ «ጨርሰሻል፣ ውጪ» ማለት ነው። ብዙዎቹ ውድድራቸው የሚያበቃው በዚሁ ጅራፍ ስለሆነ ፈረሰኛዋ ሳትቆጣ የፈረሷን አንገት መታ መታ አድርጋ ትወጣለች።

ካምፕድራፍትን ለይቶ ማየት የሚፈልግ ሰው ከአውትባክ ወጣ ብሎ ወደ ዋሪክ መሄድ ይችላል፤ በዚያች የደቡብ ኩዊንስላንድ ከተማ በኦክቶበር መጨረሻ የሚካሄደው የወርቅ ዋንጫ በዘርፉ ከታላላቆቹ አንዱ ነው።

ስለ እንስሳቱ

ይህን ጉዳይ ሳያነሡ ስለ ሮዲዮ መጻፍ ሐቀኝነት አይሆንም። የአውስትራሊያ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር አርኤስፒሲኤ ሮዲዮን ይቃወማል፤ የአውስትራሊያ ዋና ከተማ ግዛት ካንቤራን ጨምሮ በ1992 ባወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ሮዲዮን ከልክሏል። በቪክቶሪያ ግዛት ፈቃድና የእንስሳት ሐኪም መገኘት ግዴታ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው ጥጃን በገመድ መያዝና መጣል ነው። በሌላ በኩል፣ የሽንጥ ማሰሪያው የኮርማውን ብልት ያስራል የሚባለው ወሬ ስሕተት ነው፤ ማሰሪያው የሚውለው ከኋላ እግሮቹ ፊት በሽንጡ ላይ ነው፣ ባዝራዎችም በዚያው ማሰሪያ ይዘላሉ። የሚቃወሙት ሰዎች ማሰሪያው እንስሳውን ያስጨንቀዋል ይላሉ፤ አርቢዎቹ ደግሞ መዝለል ከዘር የሚወረስ ነው ብለው ይከራከራሉ። እርስዎ በቦታው ስለሚገኙ ራስዎ ይመልከቱ፦ ፈረሱ ማሰሪያው ሲፈታ ወዲያው ይረጋጋል? ከብቱ ውኃና ጥላ አለው? ሐኪሙ የት ቆሟል? የተጎዳ እንስሳ ሲኖር ምን ያህል ፈጥነው ይደርሱለታል? ያዩት ነገር ካልጣመዎት ለአዘጋጆቹ በጽሑፍ ይንገሩ።

ሰዎቹም ይጎዳሉ። በዚህ አገር ሐኪም በአውሮፕላን የሚመጣበት ታሪክ የጀመረው በ1928 በዚሁ በክሎንከሪ ነው፤ ዛሬ የሮያል ፍላይንግ ዶክተር አገልግሎት የሚባለው ድርጅት ያኔ በጆን ፍሊን ተመሠረተ። ሜዳው ዳር የገንዘብ መሰብሰቢያ ጣሳቸውን ካዩ ሳንቲም ይጣሉ፤ ከከተማ በራቀ መንገድ ላይ መኪናዎ ቢገለበጥ ለእርስዎም የሚመጡት እነሱ ናቸው።

ከሜዳው ውጪ ያለ ጠባይ

ከሹቶቹ በስተ ኋላ ያለው ቦታ የተወዳዳሪዎች ነው፤ ሳይጋበዙ አይግቡ። በእጅ የተያዘ ፈረስ አጠገብ ከኋላ አይለፉ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቁ አይንኩ። ፎቶ ለማንሣት፣ በተለይ አቦርጅናል ሽማግሌዎችንና ልጆችን፣ ማስፈቀድ ደንብ ነው። ከሰው ጋር ወሬ ለመጀመር «ከየት እርባታ ነህ?» ማለት ይበቃል፤ ስለ ዝናብ መጠየቅ ደግሞ ከዚያም ይሻላል፣ መልሱ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። የከብት ሠራተኛው ሪንገር፣ የሻይ ዕረፍቱ ስሞኮ፣ ከኋላ ክፍት የሆነችው መኪና ዩት ይባላሉ። ስንት ከብት አለህ ብሎ መጠየቅ ግን የባንክ ሒሳብን እንደ መጠየቅ ስለሚቆጠር ይተዉት።

ሥጋ በዳቦ፣ ድንችና ሻይ በየድንኳኑ ይሸጣሉ፤ ሻጮቹ ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት ወላጆችና የበጎ አድራጎት ክበቦች ናቸው። ካርድ ይሠራል፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን ጥሬ የአውስትራሊያ ዶላር ያልያዘ ይራባል። በአንዳንድ አቦርጅናል ማኅበረሰቦች መሬት ላይ አልኮል ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ በመንገድ ዳር ያለውን ምልክት ያንብቡ፤ ቅጣቱ ከባድ ነው።

የመጨረሻው ምሽት ፍጻሜዎቹ ካለቁ በኋላ ሙዚቃው እስከ እኩለ ሌሊት ይቀጥላል። ያኔ መኪና አስነሥቶ ለመሄድ አይሞክሩ። ለሾፌር በደም ውስጥ የሚፈቀደው የአልኮል መጠን 0.05 በመቶ ነው፤ ፖሊስ ጠዋትም ከካምፑ መውጫ ላይ ቆሞ ትንፋሽ ሊመረምር ስለሚችል ማታ የጠጣ ሰው ረፋድ ላይ ቢነሣ ይሻለዋል። ስዋግዎን ከመጠቅለልዎ በፊት ያራግፉት፣ ቦትዎንም ገልብጠው ይምቱት፤ ሌሊቱን የገባበት ነገር አይታወቅም። ወደ ታውንስቪል የሚመለሱ ከሆነ ጉዞው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የማለዳዋ ፀሐይ ፊት ለፊት ትገጥምዎታለች፤ መስታወቱን ከውስጥም ከውጭም ከቀዩ አቧራ አጽድተው፣ ታንከሩን ሞልተው፣ ካንጋሮዎቹ ወደ ጥላ ከገቡ በኋላ ይውጡ።